ከቀይ ባህር እስከ አዊ ሰማይ፡- የ1933ቱ የአየርና የባህር ውጊያ ለጎጃም አርበኞች ምን ትርጉም ነበረው?

አዘና ከየትኛውም ባህር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች የአዊ ዞን ከተማ ናት፡፡ በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ ኑሮው ከእርሻ፣ ከከብት፣ ከፈረስና ከገበያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ስለ ጦር መርከብም ሆነ ስለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚነገር ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም፡፡ ሆኖም በ1933 ዓ.ም የጎጃም አርበኞች ዳንግላን፣ እንጅባራንና ቡሬን ከፋሽስት ጦር ለማስለቀቅ በተፋለሙበት ወቅት በራሳቸው ላይ የሚያንዣብበው አውሮፕላን ብዛትም ሆነ የማን ወገንነት በአብዛኛው የተወሰነው በቀይ ባህርና በሜዲትራኒያን ባህር ላይ በተከናወነው ውጊያ ነበር፡፡

የአዊ ሕዝብ በዘመቻ የተሳተፈውን ፈረስ ሳይዘነጋ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ያስባል፡፡ አውሮፕላኑ ግን ይህን መሰል መታሰቢያ የለውም፡፡ የጦር አውሮፕላንና የጦር መርከብ ታሪክ ወዳጆችም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት በአውሮፓና በሩቅ ምሥራቅ ስለተካሄዱት ታላላቅ ውጊያዎች ነው፡፡ ለዚህ ታሪክ ፍቅር ያለው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከደጁ ይጀምራል፡፡

አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነው፡፡ ፖቴዝ 25 የተሰኘው ይህ የፈረንሳይ ሥሪት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አብራሪው አንድሬ ማዬ ይባሉ ነበር፡፡ አውሮፕላኑ ለሰላም ጉዞ ብቻ አልቆየም፡፡ ዓመት እንኳ ሳይሞላ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም በቤጌምድር በአንቺም በተካሄደው ጦርነት የራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት በሰማይ ላይ የሚበር መሣሪያ አየ፤ በመጀመሪያ የአዋጅ ወረቀት፣ ኋላም ቦምብ ወረደበት፡፡ በኢትዮጵያ ምድር አውሮፕላን በጦርነት ላይ የዋለው ያን ጊዜ መሆኑ ነው፡፡ ወረቀቱ ከቦምቡ መቅደሙን አንባቢ ልብ ይበል፤ በጎጃም ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነውን ለመረዳት ይጠቅማልና፡፡

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ቁጥር ወደ ደርዘን የሚጠጋ ሲሆን አብዛኞቹም ለውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም፡፡ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊን የመሳሰሉት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች፣ እንዲሁም ከአሜሪካ የመጡት ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በእነዚህ አውሮፕላኖች መልእክትና ሰው ከማመላለስ ያለፈ ሥራ ለመሥራት አቅሙ አልነበራቸውም፡፡ በተቃራኒው የጠላት አየር ኃይል በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ነበሩት፡፡ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ጭምር ተመታ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው ወደ አውሮፕላን ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የተነሳው በዚያው ዕለት ነው፡፡ ከዚያም የሰናፍጭ ጋዝ መጣ፡፡ ጋዙ በመጀመሪያ በቦምብ፣ ቀጥሎም እንደ ዝናብ ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር እየተረጨ በሰው፣ በከብት፣ በወንዝና በግጦሽ ላይ ወረደ፡፡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው ያስረዱትም ይህንኑ ነበር፡፡

ወረራው ተጠናቀቀ ከተባለ በኋላም ጋዙ አልቆመም፡፡ በ1931 ዓ.ም የበልግ ወራት በሰሜን ሸዋ መንዝ አካባቢ ዘረት በተባለው ስፍራ በዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝ ተፈጅተዋል፡፡ ዋሻውን ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በ1998 ዓ.ም ገደማ እስኪያጠኑት ድረስ ጉዳዩ ከአካባቢው ሕዝብ ውጭ እምብዛም አይታወቅም ነበር፡፡

የባህሩ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ወረራ ነው፤ አጀማመሩም እንግዳ ነው፡፡ የኢጣሊያ ባህር ኃይል በዚያው ዘመን ካሠራቸው ሰርጓጅ መርከቦች መካከል አሥራ ሰባቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ስማቸውን የወሰዱት ከኢትዮጵያና ከአካባቢው አገር ስሞች ነበር፡፡ አድዋ፣ አክሱም፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ አላጌ፣ ማካሌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ነገሌ፣ ደጋሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ የሚባሉ የብረት ዓሦች በሜዲትራኒያን ባህር ውስጥ ይዋኙ ጀመር፡፡ የአገራችን ተራሮችና ከተሞች ስም ባላዩት ባህር ላይ እንደ ምርኮ ተሰቅሎ መታየቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅር የሚያሰኝ መሆኑ አይቀርም፡፡ ፍጻሜያቸው ግን የተሰየሙበትን ድል የሚያስታውስ አልሆነም፤ ከአሥራ ሰባቱ መካከል ጦርነቱን ያለፈችው አላጌ ብቻ ናት፡፡

ከእነዚህ አንዷ የሆነችው ማካሌ ምጽዋ ከነበሩት ስምንት የኢጣሊያ ሰርጓጅ መርከቦች መካከል ነበረች፡፡ ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ለግዳጅ ወጥታ ከማቀዝቀዣዋ ያፈተለከው መርዛም ጋዝ የገዛ ባሕረኞቿን አደነዘዘ፡፡ ወዲያው ከሱዳን ጠረፍ አጠገብ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተላትማ ቀረች፡፡ ሌሎች ሦስት ሰርጓጅ መርከቦችም በዚያው ወር ጠፉ፡፡ ጎንደር ደግሞ መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም ከእስክንድርያ ወደብ ብዙም ሳትርቅ በአውስትራሊያ የጦር መርከብና ሰንደርላንድ በተባለ የእንግሊዝ በራሪ ጀልባ ተሳድዳ ሰጠመች፡፡

ሰንደርላንድ የሚለውን ስም አንባቢ ይያዝልን፡፡ አራት ሞተር ያለው፣ ሆዱ እንደ መርከብ የተሠራና ከውሃ ላይ የሚነሳ ትልቅ አውሮፕላን ነው፡፡ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም ከእንግሊዝ አገር በምስጢር ተነስተው በማልታ በኩል እስክንድርያ የደረሱት በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነበር፡፡ ፈረንሳይ እጇን ሰጥታ በነበረበት፣ ሜዲትራኒያን በጠላት አውሮፕላኖችና መርከቦች በተሞላበት በዚያ ሳምንት ያ ጉዞ ቢሰናከል ኖሮ በኦሜድላ በኩል ወደ ጎጃም የተደረገው የንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ፈጽሞ ባልሆነ ነበር፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ፡፡ ኢጣሊያ ጦርነት ባወጀችበት ዕለት በምሥራቅ አፍሪካ ከ300 በላይ አውሮፕላኖች ነበሯት፡፡ በአንጻሩ እንግሊዞች በሱዳንና በኬንያ የነበራቸው እጅግ ያነሰ ነበር፡፡ ነገር ግን አውሮፕላን ያለ ቤንዚን፣ ያለ ጎማና ያለ መለዋወጫ የቆርቆሮ ክምር ነው፡፡ እነዚህ ሁሉ ወደ ምጽዋና ወደ አሰብ የሚመጡት በስዊዝ ቦይ በኩል ሲሆን ቦዩ በእንግሊዞች እጅ ነበር፡፡ በመሆኑም ጦርነቱ ሲጀመር የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ እንደ ተከበበ አምባ ሆነ፡፡ ከኢጣሊያ ሊደርስ የቻለው ተዋጊ አውሮፕላን በትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ተፈታትቶ ተጭኖ ከሊቢያ በሰሐራ በላይ የመጣው ብቻ ነበር፤ ብዛቱም የጠፋውን የሚተካ አልሆነም፡፡ በዚህ ምክንያት በየወሩ አንድ አውሮፕላን በተመታ ቁጥር፣ አንድ ሞተር ባረጀ ቁጥር፣ በጎጃም አርበኛ ላይ የሚወርደው ቦምብ እየቀነሰ ሄደ፡፡ የባህር ኃይል ታሪክ ለአዊ ገበሬ ለምን እንደሚገባው የሚያስረዳው ከዚህ የቀለለ ምሳሌ ያለ አይመስለንም፡፡

በጎጃም በኩል የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበሩት ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም መጀመሪያ ድንበር ተሻግረው ገቡ፡፡ ጎጃም ግን እርሳቸውን ሲጠብቅ አልነበረም፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲዋጉ የቆዩ ናቸው፡፡ የሳንድፎርድ ሥራ በአንድ በኩል መንገሻንና ነጋሽን ማስታረቅ፣ በሌላ በኩል የንጉሠ ነገሥቱን መምጣት ማስረዳት ነበር፡፡ ለዚህም ከአየር የሚወርደው ወረቀት ከማንኛውም ነገር በላይ ረዳቸው፡፡

የአፄ ኃይለ ሥላሴ አዋጅ በአማርኛ ታትሞና የንጉሠ ነገሥቱ የአንበሳ ማኅተም አርፎበት በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከሰማይ ይበተን ጀመር፡፡ ካርቱም ላይ በጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር መሪነት የምትዘጋጀው «ባንዲራችን» የተሰኘች የአማርኛ ጋዜጣም እንዲሁ ትጣል ነበር፡፡ ለአምስት ዓመት ከሰማይ ቦምብና ጋዝ ብቻ ሲወርድ ላየ ሕዝብ ከሰማይ የሚያነበው ነገር ሲወርድለት ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም፡፡ ወረቀቱ ከጠላት ጎን ለተሰለፉ አገር ተወላጅ ወታደሮችም የተነገረ በመሆኑ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ አርበኞች የገቡት ጥቂቶች አልነበሩም፡፡

ወረቀቱን የጣለው፣ ቦምቡንም በዳንግላና በሌሎች የኢጣሊያ ምሽጎች ላይ ያወረደው ዌልስሊ የተባለው አውሮፕላን ነው፡፡ የአውሮፕላን ታሪክ ወዳጆች ይህን አውሮፕላን የሚያውቁት በሌላ ነገር ነው፤ በ1931 ዓ.ም መጀመሪያ ሁለት ዌልስሊዎች ከግብጽ ተነስተው የትም ሳያርፉ ዳርዊን፣ አውስትራሊያ በመድረስ ከ11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ በመብረር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረው ነበር፡፡ ባለ አንድ ሞተር፣ ክንፈ ረጅም፣ አካሉ እንደ ቅርጫት በተጠላለፉ ብረቶች የተዋቀረ፣ ቦምቡን በክንፎቹ ሥር በተንጠለጠሉ ሁለት ዕቃ መያዣዎች የሚሸከም ነው፡፡ በ1932 ዓ.ም በአውሮፓ ሰማይ ላይ ቢታይ ኖሮ ዕድሜው አጭር በሆነ ነበር፤ ዘገምተኛና ጊዜው ያለፈበት ሆኗልና፡፡ ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም ደርሶ ለመመለስ ግን ከዚህ የሚሻል አልተገኘም፡፡ በተለይ የ47ኛው ስኳድሮን ዌልስሊዎች የጎጃሙን ዘመቻ በመርዳት ይታወቃሉ፡፡ የቦምቡ ጉዳት ከቁጥር አንጻር ሲታይ ያን ያህል አልነበረም፡፡ የአርበኛው ዓይን ያየው ግን ሌላ ነው፤ ጠላት ብቻውን ይገዛው የነበረው ሰማይ ባለቤቱ መለወጡን ነው፡፡

ከሁሉ ይልቅ ድፍረት የተሞላበት የሚመስለን በረራ ግን ቦምብ ያልጣለው ነው፡፡ ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም ሜጀር ኦርድ ዊንጌት ከሳንድፎርድ ጋር ለመመካከር ሳካላ ድረስ በአውሮፕላን መጡ፡፡ ሳካላ የዓባይ ምንጭ የሚገኝበት የደጋ አገር ሲሆን በአራቱም ማዕዘን የጠላት ምሽጎች ነበሩ፡፡ ማረፊያው በችኮላ የተመነጠረ ሜዳ እንጂ አውሮፕላን ጣቢያ አልነበረም፡፡ በእንዲህ ዓይነት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፍም በቂ ደጋፊ አየር ስለማያገኝ አውሮፕላኑ ለመነሳት ከቆላ ይልቅ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፡፡ ማረፉ አንድ ነገር ነው፤ የሚያስጨንቀው መነሳቱ ነበር፡፡ በረራው በሰላም ተጠናቆ ዊንጌት ካርቱም ተመለሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሚገቡበት ዕቅድም ከዚህ ምክክር በኋላ መልክ ያዘ፡፡

ያም ሆኖ የጌዴዎን ኃይል ተብሎ የተሰየመው፣ ከሱዳንና ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች የተውጣጣውና ከሁለት ሺህ ያልበለጠው ጦር አውሮፕላን አልተመደበለትም ማለት ይቻላል፡፡ እንግሊዞች ያላቸውን አብዛኛውን አውሮፕላን ያሰለፉት በኤርትራ በከረን ግንባርና በኬንያ በኩል ነበር፡፡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተክለው ሲገቡ ስንቁና ጥይቱ የተጫነው በግመል ነበር፡፡ ለዘመቻው 15 ሺህ ያህል ግመሎች እንደተሰማሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ፡፡ ከቆላው ተነስተው ወደ በላያ ተራራና ወደ አገው ምድር ደጋ ሲወጡ ብርዱ፣ ጭንጫውና የመኖ እጦት ፈጃቸው፤ አዲስ አበባ የደረሱት ከመቶ በታች ናቸው፡፡ አውሮፕላን ያልሸፈነውን ክፍተት በሕይወቱ የሸፈነው ግመል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ጥር 29 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በላያ ደረሱ፡፡ በየካቲት ወር ጠላት ዳንግላን ለቆ ወደ ባህር ዳር፣ እንጅባራን ለቆ ወደ ቡሬ አፈገፈገ፡፡ የዳንግላና የእንጅባራ ጦር ከጌዴዎን ኃይል በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ለምን ለቀቀ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የታሪክ ወዳጆችን ያወያያል፡፡ ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የአርበኞች ከበባ፣ የወታደሮች መክዳት፣ የተጋነነ ወሬና የዊንጌት ማታለል ሁሉ ድርሻ አላቸው፡፡ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን የሰማዩ ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም፡፡ ከረን ላይ ውጊያው በተፋፋመበት በዚያ ሰዓት ለተበታተኑት የጎጃም ምሽጎች የሚተርፍ ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም፤ ይህም የባህሩ መዘጋት ያስከተለው ነው፡፡ የካቲት 25 ቀን ጠላት ቡሬን ለቀቀ፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፡፡

በዚያው ሳምንት በቀይ ባህር ላይ የሆነው ከዚህ ጋር እምብዛም ተያይዞ አይነገርም፡፡ ምጽዋ ልትያዝ መሆኑን የተረዱት ኢጣሊያውያን ጦርነቱ ሲጀመር ከነበሯቸው ሰባት አጥፊ የጦር መርከቦች የቀሩትን ስድስቱን ለመጨረሻ ግዳጅ አወጧቸው፡፡ አንዷ ገና በመንገድ ላይ ከድንጋይ ተጋጭታ ቀረች፡፡ የቀሩት አምስቱ የሱዳንን ወደብ ለመደብደብ ጉዞ ጀመሩ፤ ከእነርሱም አንዷ ሞተሯ ተበላሽቶ በራሷ ባሕረኞች ሰጠመች፡፡ በፖርት ሱዳን ደግሞ ስዎርድፊሽ የተባሉ አውሮፕላኖች ይጠብቋቸው ነበር፡፡ እነዚህ አውሮፕላኖች ንብረትነታቸው ኢግል የተባለው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሲሆን የስዊዝ ቦይ በጀርመን ፈንጂዎች ተዘግቶ መርከቡ ማለፍ ስላልቻለ እነርሱ ቀድመው በየብስ ላይ በርረው የመጡ ናቸው፡፡

ስዎርድፊሽ ጨርቅ የለበሰ፣ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ወንበሩ ክፍት የሆነና ከዘመኑ አውሮፕላኖች ሁሉ ዘገምተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፡፡ ይህ መናኛ የሚመስል አውሮፕላን ኅዳር 2 ቀን 1933 ዓ.ም ሌሊት በታራንቶ ወደብ የኢጣሊያን ትልልቅ የጦር መርከቦች መትቶ ዓለምን ያስደነቀ ነው፡፡ መጋቢት 25 ቀን ደግሞ በቀይ ባህር ላይ ሳውሮና ማኒን የተባሉትን ሁለት አጥፊ መርከቦች በቦምብ አሰጠመ፡፡ የቀሩት ሁለቱ ወደ ዓረብ ጠረፍ ሸሽተው በገዛ ባሕረኞቻቸው እንዲጠፉ ተደረገ፡፡ ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን ተያዘች፡፡ ከሦስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባህር የጦርነት ቀጠና መሆኑ ማብቃቱን አወጁ፤ የአሜሪካ የጭነት መርከቦችም እስከ ስዊዝ ድረስ የመግባት ፈቃድ አገኙ፡፡ ደብረ ማርቆስ በገባው ጦርና በቀይ ባህር በሰጠሙት መርከቦች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ቢሆንም የቀን ልዩነቱ ሦስት ቀን ብቻ ነው፡፡

ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያ የራሷን ባህር ኃይል ስታቋቁም የመጀመሪያዋ ትልቅ መርከብም ከዚሁ የአየርና የባህር ጋብቻ የተገኘች መሆኗ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥም ነው፡፡ በጥር 1954 ዓ.ም ከአሜሪካ የተረከበቻትና «ኢትዮጵያ» ተብላ የተሰየመችው መርከብ ቀደም ሲል ኦርካ ትባል የነበረች ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ባህር ላይ ለበራሪ ጀልባዎች አገልግሎት ስትሰጥ የቆየች ናት፡፡ እንዲህ ዓይነት መርከብ አውሮፕላን ከወለሏ አታስነሳም፤ በውሃ ላይ ለሚያርፉት በራሪ ጀልባዎች ቤንዚን፣ ቦምብ፣ መለዋወጫ፣ ለአብራሪዎቹም ምግብና መኝታ ታቀርባለች፤ ተንቀሳቃሽ አውሮፕላን ጣቢያ ማለት ናት፡፡ በኢትዮጵያ ባህር ኃይል ሰንደቅ ሥር የባህር ኃይል እጩ መኮንኖች ሲሠለጥኑባት ለሠላሳ ዓመት ያህል አገለገለች፡፡ በ1983 ዓ.ም አሰብ ከእጅ ስትወጣ ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፡፡

የአውሮፕላኗ ዕጣ ግን ለየት ያለ ነው፡፡ ወረራው በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ሠርተው ያበረሯትና በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን በምርኮ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ለሰማንያ ዓመት ከዚያ በላይ በሙዚየም ስትታይ ኖራለች፡፡ ኢጣሊያ በጥር 2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያ በይፋ አስረክባለች፡፡

በዳንግላ፣ በእንጅባራና በአዘና ዙሪያ የ1933ቱን አውሮፕላን ድምፅ በጆሯቸው የሰሙ፣ ከሰማይ የወረደውን የአዋጅ ወረቀት በእጃቸው የያዙ ልጆች በሕይወት ካሉ ዛሬ ዕድሜያቸው ከዘጠና በላይ ነው፡፡ የእንግሊዝ አብራሪዎች የበረራ መዝገብ በለንደን ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል፤ ከሥር ሆኖ ወደ ላይ ያየው ገበሬ ያየው ግን ያለው በእነዚህ አዛውንቶች አእምሮና ከእነርሱ በሰሙት ልጆቻቸው ዘንድ ነው፡፡